የውሻ ሥዕል ለልጆች ቀለም መቀቢያ፦ መስኮት ይበቃል

ልጆቻችሁ የሚቀቡት ሥዕል ካለቀባቸው ኢንተርኔት ላይ አትልፉ። ደሴ እኛ ቤት የምናደርገውን ልንገራችሁ። የግቢያችንን ውሻ በጎኑ በኩል በስልክ አነሳሁት። ፎቶውን በኤ4 አሳተምኩና መስኮት ላይ በፕላስተር ለጠፍኩት። በላዩ ነጭ ወረቀት ደርቤ መጀመሪያ በእርሳስ፣ ከዚያ በወፍራም ጥቁር ማርከር ዙሪያውን ተከተልኩ። ብርሃን ያስፈልጋል፤ የጦሳ ተራራችን ጉም የለበሰ ቀን አትሞክሩት።

የመጀመሪያው ሥዕሌ ግን ከሸፈ። ፀጉሩንና ነጠብጣቡን ሁሉ ሳልኩ፤ ልጄ አየችውና በአንድ ቀይ ከለር ከላይ እስከ ታች ሞነጫጨረችው። እውነቷን ነው! አሁን ጆሮ፣ ዓይን፣ አፍንጫ፣ እግር፣ ጅራት፤ በቃ። ለትንንሾች ከአውራ ጣታችሁ የጠበበ ክፍል አይኑር።

ዋናውን አስቀምጡት፣ ለልጆች ፎቶ ኮፒውን ስጡ። በውኃ ቀለም የሚቀቡ ከሆነ ደግሞ በፕሪንተር ከማባዛት ፎቶ ኮፒ ይሻላል፤ የኢንክጄት (ፈሳሽ ቀለም የሚረጭ) ፕሪንተር ቀለም ውኃ ሲነካው ብዙ ጊዜ ይለቃል።

ውሻው ከሰለቻቸው አፉን አርዝሙት፣ ጆሮውን አሹሉት፣ ጅራቱን አጎፍሩና ጫፉን አጥቁሩት። የእኛው የወሎ ቦረና ሳይንት ፓርክ ቀይ ቀበሮ ሆነላችሁ።