ማንቲስ ሽሪምፕን በሪፊውጂየም ውስጥ እንዴት ማኖር ይቻላል?

በቤታችሁ የጨዋማ ውሃ አኳሪየም ካለና ሌሊት ከድንጋዮቹ መካከል ጠንከር ያለ የማንኳኳት ድምፅ ከሰማችሁ፣ ጠዋት ደግሞ የተፈረካከሰ የቀንድ አውጣ ቅርፊት አሸዋው ላይ ካገኛችሁ፣ እንግዳው ማንቲስ ሽሪምፕ ሳይሆን አይቀርም። ከባህር በሚመጣ ሕያው ድንጋይ (ጥቃቅን ሕያዋን በሚኖሩበት የአኳሪየም ድንጋይ) ቀዳዳ ውስጥ ተደብቆ ይገባል። ብዙዎች እንደ ተባይ ቆጥረው ይገድሉታል፤ ይህ እጅግ ያሳዝነኛል። እንዲህ ንቁ፣ እንዲህ አስተዋይ የሆነ ቅርፊት ለበስ እንስሳ በራሱ ፈቃድ ቤት ድረስ ሲመጣ ማባረር ተገቢ አይደለም። ዓሦቹንም እሱንም የሚያድነው ሪፊውጂየም ነው፤ ይህም ውሃው ከዋናው ገንዳ ጋር የሚዘዋወር፣ ግን በግድግዳ የተለየና አልጌ የሚበቅልበት ክፍል ነው።

መጀመሪያ ማንነቱን ለዩ

በድምፅ ብቻ አትወስኑ። ፒስቶል ሽሪምፕ የሚባለው ሌላ ቅርፊት ለበስ እንስሳም ያንኳኳል፤ እሱ ግን የቀንድ አውጣ ቅርፊት አይሰብርም። መብራት ከጠፋ በኋላ በቀይ ብርሃን ተመልከቱ። ማንቲስ ሽሪምፕ በዘንግ ላይ የቆሙ፣ እያንዳንዳቸው ለብቻቸው የሚዞሩ ሁለት ዓይኖች አሉት፤ ማጥቂያ ክንዶቹንም ከሰውነቱ ሥር አጥፎ ይይዛል።

ዝርያዎቹ በአደን ስልታቸው በሁለት ይከፈላሉ። አንዱ በእሾሃማ ክንድ የሚወጋ ሲሆን አሸዋ ውስጥ ቆፍሮ ዓሣ አድብቶ ይይዛል። ሌላው በመዶሻ መሰል ክንድ የሚመታ ነው፤ ምቱ በሰከንድ 23 ሜትር ሊደርስ ይችላል፤ በውሃው ውስጥ የሚፈጠሩት አረፋዎች ሲፈነዱ ደግሞ ታዳኙን ለሁለተኛ ጊዜ ይመቱታል። ከድንጋይ ጋር የሚመጡት አብዛኛውን ጊዜ መቺዎቹ ናቸው፤ ርዝመታቸውም ከ10 ሴንቲ ሜትር አይበልጥም። ይህ መመሪያ ለእነሱ ነው። እስከ 18 ሴንቲ ሜትር የሚያድገው ባለ ብዙ ቀለሙ ፒኮክ ማንቲስ ሽሪምፕ የራሱ ሰፊ ገንዳ ያስፈልገዋል፤ እሱን ሪፊውጂየም ውስጥ ማጨናነቅ በደል ነው።

ክፍሉን አዘጋጁ

ለትንሹ ዝርያ 40 ሊትር ገደማ የሚይዝ ክፍል ይበቃል። ውሃ የሚወጣበትንና ፓምፑ የሚስብበትን ቀዳዳ ሁሉ በፕላስቲክ ወንፊት ሸፍኑ፤ ብረት ይዝጋል። ክዳንም አድርጉለት። ሁለት ማንቲስ ሽሪምፖችን አብራችሁ አታኑሩ፤ እስከ ሞት ይጣላሉ። የምትሳሱላቸውን ቀንድ አውጣዎችና ሸርጣኖችም አስቀድማችሁ ከክፍሉ አውጡ።

አልጌው ብርሃን ይፈልጋል፤ እንስሳው ግን ጥላ ይወዳል። ስለዚህ መብራቱን ከክፍሉ በአንድ በኩል ብቻ አብሩና ጎጆውን በሌላው ጥግ አድርጉ። የሪፊውጂየሙን መብራት የዋናው ገንዳ መብራት በሚጠፋበት ሰዓት ማብራት ሌላም ጥቅም አለው፤ አልጌው ሌሊት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚጠቀም የውሃው ፒኤች (የአሲድነቱ መጠን) ብዙ አይዋዥቅም።

ጎጆው

ከሁሉም በላይ የምጨነቀው ለዚህ ነው። ጎጆ የሌለው ማንቲስ ሽሪምፕ ይጨነቃል፣ አይበላም፣ ቅርፊቱንም በሰላም አይለውጥም። ርዝመቱ የእንስሳውን ሁለት እጥፍ የሚሆን የፒቪሲ (የፕላስቲክ) ቱቦ ቁረጡ። ስፋቱ ሰውነቱን አጥፎ ውስጡ እንዲዞር የሚያስችለው ይሁን። ቱቦውን በአሸዋው ውስጥ ዘንበል አድርጋችሁ ቅበሩት፤ የኋላው ጫፍ መስታወቱን ከነካ ውስጡን ማየት ትችላላችሁ። ያንን የመስታወት ክፍል በጥቁር ወረቀት ሸፍኑትና ስታዩ ብቻ ግለጡት።

በር ላይ የኮራል ስብርባሪና ባዶ ዛጎሎች በተኑለት። ከዚያ ቁጭ ብላችሁ ተመልከቱ፦ አንዱን ስብርባሪ አቅፎ ያመጣል፣ በሩ ላይ ያስቀምጠዋል፣ ካልተስማማው አውጥቶ ይጥለዋል፣ ሌላ ይሞክራል። መጨረሻ ላይ ከበሩ የሚቀረው ለዓይኖቹ የምትበቃ ቀዳዳ ናት።

ማዛወር

እንስሳውን ከቀዳዳው ለማስወጣት ኬሚካል አትጨምሩ፤ ሽቦም አታስገቡ። ያለበትን ድንጋይ እንዳለ አንስታችሁ ሪፊውጂየሙ ውስጥ አስቀምጡት። ውሃው አንድ ስለሆነ ማለማመድ አያስፈልግም። የተዘጋጀለትን ቱቦ ካልወደደውና ድንጋዩን ከመረጠ ተዉት፤ ምርጫው የእሱ ነው።

ውሃው

ሙቀቱ ከ24 እስከ 26 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ ጨው በሊትር 35 ግራም ያህል፣ ከቆሻሻ የሚመጡት መርዛማዎቹ አሞኒያና ናይትራይት ዜሮ። ውሃ በተነነ ቁጥር ጨው ስለማይተን፣ የጎደለውን በተጣራ ጨው አልባ ውሃ ሙሉ።

አንድ ነገር አጥብቄ ላሳስብ፤ መዳብ ቅርፊት ለበስ እንስሳትን ይገድላል። መዳብ ያለበት የዓሣ መድኃኒት ዋናው ገንዳ ውስጥ ቢጨመር በተጋራው ውሃ ሪፊውጂየሙም ይደርሳል። የታመመ ዓሣ በተለየ ገንዳ ይታከም።

ምግብ

በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ይበቃዋል። በረዶው የቀለጠለት የሽሪምፕ ሥጋ፣ የተከፈተ የባህር ዛጎል ሥጋ በረዥም መቆንጠጫ አቅርቡለት፤ አልፎ አልፎ ደግሞ በሕይወት ያለ ቀንድ አውጣ ስጡት፤ ክንዱ የተፈጠረው ለዚያ ሥራ ነውና። ምግቡን ከመያዙ በፊት ሁለቱ ዓይኖቹ እያንዳንዳቸው በየራሳቸው አቅጣጫ ይዞራሉ፣ ይመረምራሉ። የሰው ዓይን ቀለም ለመለየት ሦስት ዓይነት ብርሃን ተቀባይ ሕዋሳት ሲኖሩት፣ የብዙዎቹ ማንቲስ ሽሪምፖች ዓይን 12 ወይም ከዚያ በላይ አሉት። የተረፈውን ምግብ በማግስቱ አውጡ።

ቅርፊቱን ሲለውጥ

ድንገት መብላት ትቶ በሩን ሙሉ በሙሉ ከዘጋ አትደንግጡ። ቅርፊቱን ሊለውጥ ነው። አዲሱ ቅርፊት እስኪጠነክር ድረስ መዶሻው ለስላሳ ነው፤ ራሱን መከላከልም አይችልም። አንድ ሳምንትና ከዚያም በላይ ሊቆይ ይችላል። በዚህ ጊዜ ድንጋይ አታንቀሳቅሱ፣ ቱቦውን አትክፈቱ፣ ምግብ በግድ አትግፉ። ከበሩ ውጭ የሞተ የሚመስል ባዶ ቅርፊት ብታገኙ ቀረብ ብላችሁ እዩት፤ ውስጡ ባዶና ግልጽ ከሆነ እንስሳው ደህና ነው።

እጃችሁ

አልጌውን በየጊዜው ስታጭዱ በባዶ እጅ አትግቡ። መጀመሪያ እንስሳው ጎጆው ውስጥ መሆኑን አረጋግጡ፤ ከዚያ በረዥም መቆንጠጫ ሥሩ። ድንጋይ ማውጣት ካለባችሁ ከሥሩ አትጨብጡት፤ የሚደበቀው እዚያ ነው። ጣታችሁን ከመታችሁና ከደማ ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በንጹሕ ውሃ እጠቡት፤ ካበጠ ወይም ከቀላ ወደ ሐኪም ሂዱ።