ዌብሳይትዎ በማን ስም ነው? የራስዎን ገጽ በራስዎ እጅ ማድረግ

ደብረ ብርሃን ላይ የመንዝ ባና እና ምንጣፍ የሚሸጠው፣ አንኮበር ላይ ሎጅ ያለው፣ ሸዋ ሮቢት ላይ ማሾ እየሰበሰበ ወደ አዲስ አበባ የሚጭነው፣ ሁሉም ዛሬ ዛሬ ዌብሳይት ያሠራል። አካሄዱም ተመሳሳይ ነው። በሰው በሰው አንድ ልጅ ይገኛል፣ በዋጋ ይስማማሉ፣ ልጁ ሠርቶ ሲጨርስ ሊንኩን በቴሌግራም ይልካል። ባለቤቱ ፎቶዎቹን አይቶ ይደሰታል። የዌብሳይቱ ስም በማን እንደተመዘገበ ግን አይጠይቅም።

ችግሩ የሚመጣው ልጁ ሥራ ሲቀይር፣ ውጭ ሲሄድ ወይም ስልኩን ሲለውጥ ነው። ለዚህ ክፉ ሰው መሆን አያስፈልገውም። መነሻው ብዙ ጊዜ የክፍያ ጉዳይ ነው። እንደ ነጥብ ኮም ያለ ዶሜይን (የዌብሳይቱ ስም) ውጭ ካለ ኩባንያ ሲገዛ በዶላር ነው የሚከፈለው። አብዛኛው የአገራችን ነጋዴ ደግሞ ለዚህ የሚሆን ካርድ የለውም። ስለዚህ ልጁ በራሱ አካውንት ገብቶ፣ ውጭ ባለ ዘመድ ካርድ ይከፍላል። አካውንቱ የእሱ ስለሆነ ዶሜይኑም በእሱ እጅ ይቀራል።

ሦስት ነገሮችን ለይተው ይወቁ። ዶሜይኑ ሰው ጽፎ የሚገባበት ስም ነው። ሆስቲንጉ ፋይሎቹ የተቀመጡበት ኪራይ ቤት ነው። ሦስተኛው ገጹ ራሱ ነው፣ ጽሑፉና ፎቶው። ገጽ ቢጠፋ እንደገና ይሠራል፣ ሆስቲንግም ይቀየራል። ዶሜይን ከሄደ ግን ቢዝነስ ካርድ ላይ ያሳተሙት፣ ደንበኛ የሚያውቀው፣ ኢሜይልዎ የቆመበት ስም አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ ከዶሜይኑ ይጀምሩ።

መጀመሪያ፣ የት እንዳለ ይወቁ

የዶሜይን ስሞችን በዓለም ደረጃ የሚያስተባብረው ድርጅት አይካን ይባላል። የአይካን መፈለጊያ ገጽ ላይ ዶሜይንዎን ያስገቡ። የተመዘገበበት ኩባንያና ጊዜው የሚያልቅበት ቀን ይወጣል። ቀኑን ደብተርዎ ላይ ይጻፉ። የባለቤቱ ስም ብዙ ጊዜ ስለሚደበቅ ከዚያ ላያገኙት ይችላሉ። ስለዚህ ልጁን እንዲህ ብለው ይጠይቁት፦ «ዶሜይኑ ያለበት አካውንት በየትኛው ኢሜይል ነው የተከፈተው?» መልሱ የራስዎ ኢሜይል ካልሆነ ዶሜይኑ ገና እጅዎ አልገባም።

ቀጥሎ፣ ለንግዱ የሚሆን ኢሜይል ይክፈቱ

ጂሜይል ይበቃል። በራሱ በዶሜይኑ የተሠራ ኢሜይል ግን ለዚህ አይሁን፤ ዶሜይኑ ሲቋረጥ ኢሜይሉም ይቋረጣል፣ ማስጠንቀቂያውም አይደርስዎትም። የሚያስመዘግቡት ስልክ በራስዎ መታወቂያ የወጣ ሲም ይሁን እንጂ የሠራተኛ ስልክ አይሁን። ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን (ከይለፍ ቃሉ ሌላ ተጨማሪ ኮድ የሚጠይቀውን) ያብሩ። ጎግል 10 የመጠባበቂያ ኮዶች ይሰጣል፤ እያንዳንዳቸው 8 አሃዝ ናቸው፣ አንዱ ኮድ የሚሠራው አንዴ ብቻ ነው። ያትሟቸውና ንግድ ፈቃድዎ ካለበት ፋይል ውስጥ ያስቀምጧቸው። ቴክስት አልገባ ሲል፣ ሲም ሲጠፋ የሚያስገባዎት ይህ ወረቀት ነው።

አሁን ዶሜይኑን ያዛውሩ

ቀላሉ መንገድ እዚያው ኩባንያ ውስጥ የራስዎን አካውንት ከፍተው ልጁ ወደ እርስዎ እንዲያሳልፈው ማድረግ ነው። አብራችሁ ተቀምጣችሁ የምትጨርሱት ነገር ነው። ሁለተኛው መንገድ ወደ ሌላ ኩባንያ መውሰድ ነው። በብር የሚያስከፍሉ የአገር ውስጥ ድርጅቶች ስላሉ ለብዙ ነጋዴ ይሄ ይሻላል። የዶላር ካርድ መለመን ይቀራል። ለዚህ ልጁ ዶሜይኑን ከቁልፍ ያወጣዋል፣ የማዛወሪያ ኮድ ይሰጥዎታል፣ እርስዎ አዲሱ ድርጅት ጋ ያስገቡታል። በአይካን ደንብ የተመዘገበው ባለቤት ኮዱን ከጠየቀ ኩባንያው በ5 ቀን ውስጥ መስጠት አለበት። ዶሜይኑ ከተገዛ ገና 60 ቀን ካልሞላው ግን ዝውውሩ ሊከለከል ስለሚችል ትንሽ ይታገሡ።

ከማዛወርዎ በፊት የዲኤንኤስ ገጹን (ዶሜይኑ ዌብሳይቱንና ኢሜይሉን ወዴት እንደሚመራ የተዘረዘረበትን) ስክሪንሾት ያንሱ። በተለይ የኢሜይል መስመሮቹ እንዳይቀሩ። ይሄን የሚረሳ ሰው ብዙ ነው፤ ገጹ ይሠራል፣ ኢሜይሉ ግን ዝም ይላል። ሲጨርሱም የባለቤት ስም የሚለው ቦታ ላይ በንግድ ፈቃድዎ ያለው ስም መግባቱን ያረጋግጡ።

ስምዎ በነጥብ ኢቲ የሚያልቅ ከሆነ የሚያስተዳድረው ኢትዮ ቴሌኮም ነው፤ የተመዘገበበትን ስም እዚያ ይጠይቁ።

እድሳቱን አይጠብቁት

ኩባንያው ጊዜው ሊያልቅ አንድ ወር አካባቢ ሲቀረው፣ ከዚያም አንድ ሳምንት አካባቢ ሲቀረው ማስታወሻ ይልካል። ኢሜይሉ የሚደርሰው ግን ኢንተርኔት ሲኖር ነው። በ2015 ክረምት በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ እንዳየነው፣ ማደሻው ቀን በእንዲህ ያለ ጊዜ ላይ ሊወድቅ ይችላል። ነጥብ ኮም እስከ 10 ዓመት ድረስ አስቀድሞ መክፈል ይቻላል። የሦስት ወይም የአምስት ዓመት እንዲከፍሉ እኔ በጣም እመክራለሁ። ካለቀ በኋላም ወዲያው አይሸጥም፤ መጨረሻ ላይ 30 ቀን የማስመለሻ ጊዜ አለ። ግን ያኔ ክፍያው ብዙ ይጨምራል። ያ ካለፈ ማንም ሰው ይገዛዋል።

ገጹና ፋይሎቹ

ገጹ የተሠራው በዎርድፕሬስ (በብዛት ዌብሳይት የሚሠራበት ፕሮግራም) ከሆነ የእርስዎ አካውንት «አድሚኒስትሬተር» መሆኑን ይዩ። ልጁ የራሱ የተለየ አካውንት ይኑረው፤ ሲለያዩ የእሱን ብቻ ያጠፋሉ። በየወሩ ባክአፕ (መጠባበቂያ ቅጂ) ያስወርዱ፣ ፋይሎቹንም፣ ጽሑፉ የሚቀመጥበትን ዳታቤዙንም። ፎቶው ብቻ ከወረደ ጽሑፉ የለም ማለት ነው። አንዱን ቅጂ ሱቅ፣ አንዱን ቤት ያኑሩ።

አዲስ የሚያሠሩ ከሆነ

ውሉ ላይ ይህችን ዓረፍተ ነገር ያስገቡ፦ «ዶሜይኑ፣ ሆስቲንጉና የገጹ ይዘት የአሠሪው ንብረት ናቸው፤ ሠሪው የመጨረሻውን ክፍያ የሚቀበለው ሁሉንም የመግቢያ መረጃ በአሠሪው ኢሜይል ካስረከበ በኋላ ነው።» ጥሩ ባለሙያ በዚህ አይቀየምም። የመጨረሻውን ክፍያም እስኪያስረክብ ድረስ ይያዙ።

ካርታውና ቻናሉ

አንኮበር ለሚሄድ እንግዳ የጎግል ካርታ ከዌብሳይቱ ይቀድማል። እዚያም ዋና ባለቤት ተብሎ የተመዘገበው አካውንት የእርስዎ መሆኑን ይዩ። የቴሌግራም ቻናልም ባለቤት የሚሆነው የከፈተው ሰው ነው፤ ሠራተኛዎ ከፍቶት ከሆነ አድሚን መሆንዎ አይበቃም። ባለቤትነቱን ያስተላልፍልዎት። ለዚህ ሠራተኛው አስቀድሞ ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ማብራት ስላለበትና ካበራ በኋላም ጥቂት ቀን መጠበቅ ስለሚያስፈልግ፣ ሠራተኛው ሊለቅ መሆኑን እንደሰሙ ይጀምሩት።