ሰፊ ግቢ ላለው አማተር ሬዲዮኛ፦ የአጭር ሞገድ አንቴና አመራረጥ

በቨርጂኒያ ወይም በሜሪላንድ ከከተማ ወጣ ብሎ አንድ ኤከር፣ ማለትም 4,047 ካሬ ሜትር ያህል ግቢ ያለው ቤት የገዛና የጄነራል ደረጃ የአማተር ሬዲዮ ፈቃዱን (በአሜሪካ በአብዛኛው የአጭር ሞገድ ክልል ለመሥራት የሚያስችለውን) የያዘ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ብዙውን ጊዜ «የትኛውን አንቴና ልግዛ?» ብሎ ነው። ከዚያ በፊት ግን መመለስ ያለበት ሌላ ጥያቄ አለ፤ እሱም «ከማን ጋር መነጋገር እፈልጋለሁ?» የሚለው ነው። በአጎራባች ክፍለ ግዛቶች ካሉ ሰዎች ጋር ማታ ማታ ለመጨዋወት የሚፈልግና በአዲስ አበባ 5 ኪሎ በቴክኖሎጂ ግቢ የሚገኘውን የኢቲ3ኤኤ ክለብ ጣቢያ ለማግኘት የሚፈልግ ሁለቱም ባለ አንድ ኤከር ቢሆኑም፣ የሚያስፈልጋቸው አንቴና አንድ አይደለም።

ልዩነቱን የሚፈጥረው ሞገዱ ከአንቴናው የሚነሣበት ማዕዘን ነው። አጭር ሞገድ ሩቅ የሚደርሰው በላይኛው ከባቢ አየር ከሚገኘው አዮኖስፌር እየተመለሰ ሲሆን፣ አንዱ ዝላይ ቢበዛ 4,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይሸፍናል። ከዋሽንግተን አካባቢ አዲስ አበባ ወደ 11,500 ኪሎ ሜትር ስለሚርቅ ቢያንስ ሦስት ዝላይ ያስፈልጋል፤ ሞገዱም ከአድማሱ ብዙ ሳይነሣ ዝቅ ብሎ መውጣት አለበት። አግድም ለተዘረጋ ሽቦ ይህን ማዕዘን የሚወስነው ከሞገዱ ርዝመት አንጻር የሚለካው ከፍታው ነው። በ20 ሜትር ባንድ፣ ማለትም የሞገዱ ርዝመት 20 ሜትር ያህል በሆነበት የፍሪኩዌንሲ ክልል የሚሠራ ዳይፖል (መሐሉ ላይ ኬብል የሚገናኝበት ቀጥ ያለ ሽቦ) 10 ሜትር ከፍታ ላይ ሲሰቀል ዋናው ጨረሩ 30 ዲግሪ ያህል ወደ ላይ ያዘነብላል፤ ከፍታው 20 ሜትር ሲሆን ግን ወደ 14 ዲግሪ ዝቅ ይላል። የ40 ሜትር ባንድ ዳይፖል በዚያው 10 ሜትር ላይ ቢሰቀል ደግሞ አብዛኛውን ኃይሉን ቀጥ አድርጎ ወደ ሰማይ ይልካል። ይህ ለጥቂት መቶ ኪሎ ሜትሮች ግንኙነት እጅግ ተስማሚ ነው፤ አፍሪካን ለሚፈልግ ግን አይሆንም። እንግዲህ የግቢው ስፋት ብቻውን ብዙ አይፈይድም፤ ቦታው ላይ ያሉት ረጃጅም ዛፎች ከስፋቱ ይበልጥ ዋጋ አላቸው።

ቦታ ከመምረጥዎ በፊት የሬዲዮ ረብሻ የት እንዳለ የሚያሳይ አንድ ሥራ እንዲሠሩ አጥብቄ እመክራለሁ። በባትሪ የሚሠራ አነስተኛ የአጭር ሞገድ ሬዲዮ ይያዙ፣ በ7 ሜጋኸርትዝ አካባቢ ጣቢያ የሌለበት ቦታ ላይ ያድርጉትና ግቢውን ከአጥር እስከ አጥር ይዙሩት። ይህንንም ሁለት ጊዜ፣ አንዴ በቀን፣ አንዴ ከመሸ በኋላ ያድርጉት፤ ምክንያቱም የፀሐይ ኃይል ኢንቨርተር የሚረብሸው በቀን ሲሆን የኤልኢዲ መብራቶችና የቴሌቪዥን ኃይል ማቅረቢያዎች የሚረብሹት ይበልጡን በምሽት ነው። እኔ ለአንቴና መስቀያ ያሰብሁት ትልቅ የኦክ ዛፍ ሥር ስደርስ ሬዲዮው ቡና ሲቆላ እንደሚንጣጣው ይንጣጣ ጀመር፤ ወደ ጀርባው አጥር 30 ሜትር ያህል ስራመድ ድምፁ ጠፋ። ያን ዛፍ በውበቱ ብቻ መርጬው ቢሆን ኖሮ ሩቅ ያለውን ደካማ ጣቢያ በጭራሽ አልሰማውም ነበር። የሰፊ ግቢ ትልቁ ጥቅምም ይኸው ነው፤ አንቴናን ከራስም ከጎረቤትም ቤት ማራቅ ያስችላል።

የሕጉን ነገር በአጭሩ ልለፈው። እ.ኤ.አ. በ1985 የወጣው ፒአርቢ-1 የሚባለው የፌዴራል ውሳኔ የአካባቢ መስተዳድሮች ለአማተር አንቴናዎች ምክንያታዊ ቦታ እንዲሰጡ ያስገድዳል፤ የቤት ባለቤቶች ማኅበር በግዢው ውል ላይ ያሰፈረውን ክልከላ ግን አይሽርም። ስለዚህ ሽቦ ከመግዛትዎ በፊት የቤቱን ውል ያንብቡ፤ ማማ የሚያቆሙ ከሆነም የግንባታ ፈቃድ ይጠይቁ።

ወደ ምርጫው ስንገባ፣ ለመጀመሪያው ዓመት የእኔ ፍርድ የማያወላዳ ነው፦ በዛፎች መካከል የተዘረጋ ሽቦ። የግማሽ ሞገድ ዳይፖል ርዝመት በሜትር ለማግኘት 143ን በሜጋኸርትዝ ለተገለጸው ፍሪኩዌንሲ ያካፍሉ፤ ለ7.1 ሜጋኸርትዝ 20.1 ሜትር፣ ለ14.2 ሜጋኸርትዝ ወደ 10.1 ሜትር፣ ለ3.6 ሜጋኸርትዝ ደግሞ ወደ 39.7 ሜትር ይሆናል። ሽቦውን ከዚህ ትንሽ አስረዝመው ቆርጠው በኋላ ከሁለቱም ጫፍ እኩል እያሳጠሩ ያስተካክሉት፤ የተቆረጠ ሽቦ ተመልሶ አይረዝምም። የአንድ ኤከር ግቢ ካሬ ከሆነ ጎኑ 64 ሜትር ገደማ ስለሚደርስ፣ የ80 ሜትር ባንዱ ዳይፖል እንኳ ሳይታጠፍ ይዘረጋል።

ዳይፖል አብልጦ የሚያሰራጨው ወደ ጫፎቹ ሳይሆን ወደ ጎኖቹ ነው። ስለዚህ አቅጣጫ ወሳኝ ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። የግድግዳ ካርታ የሚያይ ሰው አዲስ አበባን ከዋሽንግተን ወደ ደቡብ ምሥራቅ አድርጎ ይገምታል፤ ሞገዱ ግን ክብ በሆነችው ምድር ላይ አጭሩን መንገድ ስለሚከተል ከእውነተኛው ሰሜን 66 ዲግሪ ያህል፣ ማለትም ወደ ሰሜን ምሥራቅ አድልቶ ነው የሚነሣው። ሽቦው ለዚህ መስመር ቀጥ ያለ መስቀለኛ እንዲሆን ከሰሜን ሰሜን ምዕራብ ወደ ደቡብ ደቡብ ምሥራቅ ይዘርጉት። እኔ ይህን ሳላውቅ የመጀመሪያዬን ሽቦ ጫፉን ወደዚያው አቅጣጫ አድርጌ ሰቅዬ፣ ግማሽ ዓመት ያህል ምሥራቅ አፍሪካ ለምን እንደማይሰማኝ ስደነቅ ኖሬአለሁ።

ገመዱን ዛፍ ላይ ለማውጣት መሰላል አያስፈልግም። በወንጭፍ ወይም በእጅ በሚወረወር ክብደት ቀጭን ክር ቅርንጫፍ ላይ ያሳልፉ፣ በእርሱም ፀሐይ የማይበላውን ወፍራሙን ገመድ ይጎትቱ። ማሽላ የሚጠብቅ ገበሬ ከማማው ላይ ወንጭፉን እንደሚይዝ እያሰብሁ ፈገግ እላለሁ፤ ማማና ወንጭፍ የእኛም መሣሪያዎች ሆኑ። ገመዱን ግን ግንዱ ላይ አጥብቀው አያስሩት። በአንደኛው ወገን መዘውር አድርገው በገመዱ ጫፍ አሸዋ የተሞላ ትንሽ ጀሪካን ቢያንጠለጥሉ፣ ነፋስ ዛፉን ሲያወዛውዝ ጀሪካኑ ከፍና ዝቅ እያለ ሽቦው እንዳይበጠስ ያደርገዋል። ጀሪካኑ የሚንጠለጠለው ግን ሰው በማያልፍበት በኩል ይሁን።

ረጅም ዛፍ የሌለው ሰው ቨርቲካል አንቴናን ያስብ። 10 ሜትር ያህል የሚቆም ምሰሶ ለ40 ሜትር ባንድ ሩብ ሞገድ ይሆናል፤ ዝቅ ያለ ማዕዘንም ይሰጣል። ዕዳው ከመሬት ሥር ነው፦ ከእግሩ ወደ ሁሉም አቅጣጫ የሚዘረጉ ራዲያል የሚባሉ ሽቦዎች ከሌሉት ኃይሉን የሚበላው አፈሩ ነው። 10 ሜትር ያህል ርዝመት ያላቸውን 32 ሽቦዎች ሣሩ ላይ ዘርግተው በሽቦ ካስማ ቢያጣብቁ፣ በአንድ የአሜሪካ በጋ ሣሩ ይውጣቸዋል፤ እስከዚያው ድረስ የሣር ማጨጃውን ያርቁ። ለ160 ሜትር ባንድ ደግሞ 15 ሜትር ቀጥ ብሎ ወጥቶ የቀረው 25 ሜትር ያህል ወደ ጎን የሚታጠፍ ሽቦ ከራዲያሎች ጋር ጥሩ ይሠራል። ያጊን የመሰለ ኃይሉን ወደ አንድ አቅጣጫ የሚያተኩርና በሞተር የሚዞር አንቴና የሚያስደንቅ መሣሪያ ነው፤ ማማ፣ ኮንክሪትና ፈቃድ ግን ይዞ ይመጣል። በሽቦ አንድ ዓመት የሠራ ሰው የትኛውን ባንድ ዘወትር እንደሚጠቀም ስለሚያውቅ ገንዘቡን በትክክል ያወጣል።

ሰፊ ግቢ የሚያስከፍለው ነገር ደግሞ ኬብል ነው። አንቴናው ከቤቱ 60 ሜትር ቢርቅ፣ በ14 ሜጋኸርትዝ ቀጭኑ አርጂ-58 የሚባለው የኬብል ዓይነት ከኃይሉ ግማሹን ያህል መንገድ ላይ ያስቀራል፤ አርጂ-213 70 በመቶ ገደማ፣ ኤልኤምአር-400 ደግሞ 80 በመቶ ገደማ ያደርሳል። እኔ በርካሽ የገዛሁት ቀጭን ኬብል ላይ ውኃ ገብቶበት ኖሮ፣ ማሳያው ያማረ ኤስደብልዩአር (ከአንቴናው ተመልሶ የሚመጣውን ሞገድ መጠን የሚያመለክት ቁጥር፤ ዝቅ ሲል ይሻላል) እያሳየኝ ማንም ሳይሰማኝ ሰነበትሁ። ኃይሉን በሙቀት የሚያቃጥል ኬብል ተመላሹንም ሞገድ ስለሚያደክም ቁጥሩ ያማረ መስሎ ይታያል፤ ስለዚህ ዝቅተኛ ኤስደብልዩአር ብቻውን የጥሩ አንቴና ምስክር አይሆንም። ከቤት ውጭ ያሉትን ማገናኛዎች ሁሉ በራሱ በሚጣበቅ የጎማ ቴፕ ይጠቅልሉ፤ ዳይፖሉ መሐል ላይም ኬብሉን በፌራይት ቀለበት ብዙ ጊዜ አዙረው ቾክ (በኬብሉ ውጫዊ ገጽ የሚሄደውን ጅረት የሚያግድ ጥቅል) ይሥሩለት፣ አለበለዚያ ኬብሉ ራሱ አንቴና ሆኖ የቤቱን ጫጫታ ይሰበስባል።

በደኅንነት ረገድ ሦስት ነገሮች አይታለፉም። አንቴናው ወይም ምሰሶው በየትኛውም አቅጣጫ ቢወድቅ ከኤሌክትሪክ መስመር ቢያንስ 3 ሜትር መራቅ አለበት። ኬብሉ ወደ ቤት በሚገባበት ቦታ የመብረቅ መከላከያ አድርገው 2.4 ሜትር በሚያህል የግራውንድ ዘንግ ያስሩት፤ ያንንም ዘንግ ቁጥር 6 በሆነ ወፍራም የመዳብ ሽቦ ከቤቱ ዋና የኤሌክትሪክ ግራውንድ ጋር ያገናኙት፤ ሁለት የተለያዩ ግራውንዶች መብረቁን በመሣሪያዎ ውስጥ አሳልፈው ያጋጩታል። እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው የፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን ደንብ መሠረትም፣ ሰዎች ከአንቴናው በምን ያህል ርቀት መቆም እንዳለባቸው የሚያሳየውን ስሌት ማንኛውም ጣቢያ መሥራት ይጠበቅበታል።

ዳይፖልና ቨርቲካል ሁለቱንም የሰቀለ ሰው በመቀያየሪያ አንድ ሬዲዮ ላይ ያገናኛቸውና አንዱን ጣቢያ እያዳመጠ ወዲያና ወዲህ ያቀያይራቸው፤ የትኛው ለየትኛው ርቀት እንደሚበልጥ ከማንም ምክር ይልቅ ጆሮው ይነግረዋል። ለምሥራቅ አፍሪካ በ20 ሜትር ባንድ ከሰዓት በኋላ ያለውን ጊዜ ይሞክሩ። በአሜሪካ በጋ እዚህ ከቀኑ 9 ሰዓት ሲሆን አዲስ አበባ ከምሽቱ 4 ሰዓት ነውና፣ ኦፕሬተሩ ወደ ቤቱ ከመሄዱ በፊት እንዲደርሱበት አንድ ሰዓት ቀደም ብለው ይጀምሩ።