በመሃል አዲስ አበባ ቤት ውስጥ ላለ አኳሪየም ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንዴት ይጨመራል?

የውኃ ውስጥ ተክል ገዝታችሁ፣ መብራቱን አስተካክላችሁ፣ ማዳበሪያም ጨምራችሁ ቅጠሉ እየሳሳ አልጌው እየበዛ ካስቸገራችሁ፣ አብዛኛውን ጊዜ የጎደለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ከደረቀ ተክል ክብደት ውስጥ 40 በመቶ ያህሉ ወይም ከዚያ በላይ ካርቦን ነው፤ ያንን ካርቦን ተክሉ በዋናነት የሚያገኘው ከዚህ ጋዝ ነው። ደጅ ላለ ተክል ጋዙን ነፋስ ያደርስለታል። ውኃ ውስጥ ግን ጋዙ አየር ውስጥ ከሚሰራጨው 10,000 እጥፍ ያህል ስለሚዘገይ፣ ቅጠሉ በዙሪያው ያለውን ቶሎ ጨርሶ ይራባል።

አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ከፍታው ይጨመራል። መሃል ከተማው ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 እስከ 2,500 ሜትር ላይ ነው። የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻ ከተሞች በሩብ ያህል ያነሰ ነው፤ ውኃ ከአየር የሚወስደው ጋዝም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ይህ ኦክስጅንንም ይመለከታል። ሙቀቱ 25 ዲግሪ የሆነ ውኃ ባሕር ጠለል ላይ በሊትር 8.2 ሚሊግራም ያህል ኦክስጅን ሲይዝ፣ እዚህ የሚይዘው 6.2 ገደማ ነው። ዓሦቻችን ከመነሻውም ትርፍ ትንፋሽ የላቸውም ማለት ነው። ብዙ መመሪያዎች ካርቦን ዳይኦክሳይዱን በሊትር 30 ሚሊግራም እንድናደርስ ይነግሩናል። እኔ ለዚህ ከተማ የምመክረው ከ15 እስከ 20 ነው። ከመጠኑም በላይ አጥብቄ የምመክረው ደግሞ ጋዙ ዛሬ በዝቶ ነገ እንዳያንስ ነው። ተክል ትንሽም ቢሆን በየቀኑ እኩል የሚመጣለትን ይለምደዋል፤ ሲዋዥቅበት ግን ዕድገቱ ይቆማል፣ ጥቁር ጢም የመሰለው አልጌም ቅጠሉን መውረስ ይጀምራል።

አስቀድሞ የሚታይ ነገር

ያለውን ጋዝ አታባክኑ። ፊልተሩ ውኃውን ከላይ እየፈነጠቀ የሚመልስ ከሆነ ጋዙ በዚያው ይበናል። መውጫውን ዝቅ አድርጉትና የውኃው ገጽ ርግብ ርግብ ይበል፤ ጭራሽ ጸጥ እንዲል ግን አትተዉት፣ ኦክስጅንም የሚገባው በዚያው በኩል ነው። መብራቱ በቀን ከ7 እስከ 8 ሰዓት ይበቃዋል።

ያላችሁ ተክል አኑቢያስና ጃቫ ፈርን ብቻ ከሆነ ይህ ሁሉ ድካም አያስፈልጋችሁም፤ እነሱ ባለው ይኖራሉ። ቫሊስኔሪያም ካርቦኑን ውኃው ውስጥ ከሟሟው ባይካርቦኔት መውሰድ ስለሚችል ብዙ አይቸገርም። ጋዝ የግድ የሚላቸው እንደ ሮታላ ያሉ ቀያዮችና ጠጠሩን የሚሸፍኑት ድንክ ተክሎች ናቸው።

የውኃችሁን ካርቦኔት ጥንካሬ፣ ማለትም ኬኤች የሚባለውን፣ በጠብታ መመርመሪያ ለኩ። ከለገዳዲና ከገፈርሳ ግድቦች የሚመጣው ውኃ ለስላሳ ነው፤ ከአቃቂ ጉድጓዶች የሚመጣው ደግሞ ማዕድን ይበዛበታል። ስለዚህ የአንዱ ሰፈር ልክ ለሌላው አይሠራም። ከ3 እስከ 6 ዲግሪ ከሆነ ጥሩ ነው። ከ2 በታች ከሆነ ጋዝ ስትጨምሩ ፒኤቹ፣ ማለትም የውኃው የአሲድነት መለኪያ፣ በድንገት ሊወርድ ስለሚችል፣ ቤኪንግ ሶዳ በጣም በጥቂቱ በቀናት ልዩነት እየጨመራችሁ መጀመሪያ ኬኤቹን ከፍ አድርጉት።

በስኳርና በእርሾ

ከ40 እስከ 100 ሊትር ለሚይዝ አኳሪየም ርካሹ መንገድ ይህ ነው። እርሾ ስኳሩን በልቶ አልኮልና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል፤ ጋን ውስጥ ያለ ጠላ ሲፈላ የሚንጣጣው ይኸው ጋዝ ነው። 200 ግራም ስኳር ሙሉ በሙሉ ቢፈላ 100 ግራም ያህል ጋዝ ይሰጣል።

የሚያስፈልጉት ሁለት ባለ 2 ሊትር የለስላሳ ጠርሙሶች፣ አንድ ግማሽ ሊትር ጠርሙስ፣ ስኳር፣ ደረቅ የዳቦ እርሾ፣ ቤኪንግ ሶዳ፣ ቱቦ፣ ባለ ሦስት መንገድ ማገናኛ፣ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ቼክ ቫልቭና ጋዙን የሚያደቅ ዲፊውዘር ናቸው። ጠርሙሶቹ የግድ ጋዝ ያለው መጠጥ የነበረባቸው ይሁኑ። የውኃ ሃይላንድ ስስ ነው፤ ለግፊት አልተሠራም። ለቱቦ ከፋርማሲ አዲስ የጉሉኮስ ቱቦ መግዛት ትችላላችሁ፤ ለአየር ፓምፕ የሚሸጠው ለስላሳ የሲሊኮን ቱቦ ጋዙን በግድግዳው በኩል ያሳልፋል፣ የጉሉኮሱ ግን የተሻለ ይይዛል። ጠብታ መቆጣጠሪያዋን መንኮራኩር አውጥታችሁ ጣሏት። ልጅ ቢነካካትና ብትዘጋ ጠርሙሱ ሊፈነዳ ይችላል፤ የሚፈላ እርሾ መውጫ ተዘጋብኝ ብሎ አይቆምም።

1. በጠርሙሶቹ ክዳን ላይ ከቱቦው ትንሽ የጠበበ ቀዳዳ በጋለ ምስማር ብሱ። የቱቦውን ጫፍ በሰያፍ ቆርጣችሁ በቀዳዳው አስገቡና ከውስጥ በፒንሳ ሳቡት። ጋዙን የሚይዘው የቀዳዳው ጥበት ነው፤ የክዳን ፕላስቲክ ሙጫ አጥብቆ ስለማይዝ ማጣበቂያው ለድጋፍ ብቻ ነው።

2. ሁለቱን ትልልቅ ጠርሙሶች በባለ ሦስት መንገዱ አገናኙና ቱቦውን ወደ ግማሽ ሊትሩ ጠርሙስ ውሰዱት። ይህ ጠርሙስ ግማሹን ውኃ ይይዛል። ከእርሾው የሚመጣው ቱቦ ታች ድረስ ውኃው ውስጥ ይግባ፤ ወደ አኳሪየሙ የሚሄደው ቱቦ ግን ከላይ፣ አየሩ ካለበት ይጀምር። እርሾው አረፋ ሠርቶ ቢገነፍል እዚህ ይቀራል። አረፋ የምትቆጥሩትም እዚሁ ነው።

3. ከትንሹ ጠርሙስ ቀጥሎ ቼክ ቫልቩን አስገቡ። ያለ እሱ ሌሊት ቀዝቅዞ ግፊቱ ሲወርድ አኳሪየሙ ውኃውን በቱቦው ወደ ኋላ ይልካል፤ ጠዋት ወለሉን ስትወለውሉ ትገኛላችሁ።

4. በመጀመሪያው ጠርሙስ ውስጥ 200 ግራም ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ ጨምሩ። ለብ ያለ ውኃ፣ እጅ ሲነካው የማያቃጥል፣ እስከ ትከሻው ሙሉና ስኳሩ እስኪሟሟ ናጡት። ከላይ አንድ ጣት የሚሆን ባዶ ቦታ ይቅር። ከዚያ ሩብ የሻይ ማንኪያ እርሾ በትንሽ ለብ ያለ ውኃ በጥብጣችሁ ጨምሩበት። እርሾ አታብዙ፤ ሲበዛ ጋዙ በጥቂት ቀን ተንፈቅፍቆ ያልቃል። የእንጀራ እርሾም አይሆንም፤ አሲድ የሚሠሩ ባክቴሪያዎች ስላሉበት ጋዙ መቼ ምን ያህል እንደሚመጣ አይታወቅም።

5. መጋጠሚያዎቹን ሁሉ የሳሙና አረፋ ቀቡ። አረፋው የሚያብጥበት ቦታ ጋዝ የሚያመልጥበት ነው።

6. ሁለተኛውን ጠርሙስ ከሳምንት በኋላ በጥብጡ። እስከዚያ ድረስ በእሱ በኩል ያለውን መንገድ በደንብ ክደኑት። አንድ ጠርሙስ እንደ ክፍሉ ሙቀት ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት ይሠራል፤ መጀመሪያ ይበረታል፣ መጨረሻ ላይ ይደክማል። በሳምንት ልዩነት ስታፈራርቋቸው አንዱ ሲደክም ሌላው ይደግፈዋል። ሁለተኛ ጠርሙስ የሚያስፈልገው ለዚህ እኩልነት ነው።

የአዲስ አበባ ሌሊት ለእርሾ ይቀዘቅዛል፤ በተለይ ኅዳርና ታኅሣሥ፣ እንዲሁም በክረምቱ ደመና። ሲሚንቶ ወለል ላይ የተቀመጠ ጠርሙስ ሊያንቀላፋ ይችላል። ወፍራም ጨርቅ ጠቅልላችሁ ከወለል ከፍ ባለ ቦታ አስቀምጡት፤ ማሞቂያ ላይ ግን አታስደግፉት።

ጋዙን ውኃው ውስጥ ማሟሟት

ብዙ ሰው ጋዙን ይሠራና እዚህ ላይ ያጣዋል። ትልቅ አረፋ በሁለት ሰከንድ ወደ ላይ ወጥቶ ይፈነዳል፤ ለተክሉ የሚተርፈው ጥቂት ነው። ሴራሚክ ዲፊውዘር ካገኛችሁ ከታች፣ የፊልተሩ ውኃ በሚገፋበት በኩል አስቀምጡት። ጤዛ የሚያህሉ አረፋዎች ወደ ጎን እየተነዱ ቅጠሎቹ መሃል ሲገቡ ታያላችሁ። ዲፊውዘር ከሌለ ቱቦውን የፊልተሩ መምጠጫ ሥር አድርጉት፤ የፊልተሩ ማራገቢያ አረፋውን ይቆራርጠዋል። ይህም ካልተመቸ አንድ ትንሽ የፕላስቲክ ክዳን ውኃው ውስጥ ገልብጣችሁ ጋዙን ከሥሩ አጠራቅሙት። ጋዙ ከውኃው ጋር የሚገናኝበት ገጽ ይሰፋል፣ ቀስ እያለም ይሟሟል።

«በሰከንድ አንድ አረፋ» የሚል ልክ ከሌላ አገር መመሪያ አትውሰዱ። በእኛ ከፍታ ያው መጠን ያለው አረፋ የሚይዘው ጋዝ በሩብ ያህል ያነሰ ነው። አረፋ መቁጠር የሚጠቅመው ትናንትን ከዛሬ ለማወዳደር ነው።

ምን ያህል እንደደረሰ ማወቅ

ጥሩው መሣሪያ ድሮፕ ቼከር የሚባለው ትንሽ ብርጭቆ ነው። ውስጡ ኬኤቹ 4 ዲግሪ የሆነ ፈሳሽና ፒኤች ሲለወጥ ቀለሙን የሚቀይረው ብሮሞቲሞል ብሉ ይገባል፤ የአኳሪየሙን ውኃ አታስገቡበት። ሰማያዊ ከሆነ ጋዙ አንሷል፤ አረንጓዴ ሲሆን 30 ሚሊግራም ገደማ ነው፤ ቢጫ ሲሆን ለዓሣ አደገኛ ነው። እኛ የምንፈልገው ወደ ሰማያዊ የሚያደላውን አረንጓዴ ነው። ቀለሙ ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት ዘግይቶ ስለሚለወጥ፣ አሁን ያያችሁት ቀለም ቀደም ሲል የነበረውን ጋዝ ይናገራል።

ድሮፕ ቼከር ከሌለ ስሌት አለ። ኬኤች 4 ላይ ፒኤቹ 7.0 ከሆነ ጋዙ በሊትር 12 ሚሊግራም ነው፤ 6.8 ከሆነ 19፤ 6.6 ከሆነ 30። ውኃው ውስጥ የእንጨት ግንድ ካለ ከሱ የሚወጣው አሲድ ስሌቱን ያሳስተዋል፤ እንዲህ ሲሆን ሌላ ዘዴ አለ። ከአኳሪየሙ አንድ ኩባያ ውኃ ቀድታችሁ አሳድሩትና ጋዙ ከወጣለት በኋላ ፒኤቹን ለኩ። ከኩባያው ውኃ የአኳሪየሙ ፒኤች በ1 ካነሰ፣ አኳሪየሙ ውስጥ ያለው ጋዝ ወደ 10 እጥፍ ይበልጣል ማለት ነው።

ከመለኪያው ሁሉ በላይ ግን ዓሦቹን እዩ። ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን እየከፈቱ ከሆነ የድሮፕ ቼከሩን ቀለም አትጠብቁ። ዲፊውዘሩን አውጡ፣ የአየር ፓምፑን ክፈቱ፣ ክሎሩ የወጣለት ውኃ ካላችሁም ሩቡን ቀይሩ።

ሌሊትና መብራት ሲጠፋ

ተክል ሌሊት ካርቦን ዳይኦክሳይድ አይወስድም፤ እንዲያውም እንደ ዓሣው ኦክስጅን ይተነፍሳል። እርሾው ግን አይተኛም። ስለዚህ የአኳሪየሙ መብራት ሲጠፋ የአየር ፓምፑ እንዲነሳ፣ ጠዋት ሲበራ እንዲቆም በታይመር አድርጉት። የሌሊቱ አየር ትርፉን ጋዝ ያወጣል፣ ኦክስጅንም ይመልሳል።

የከተማው መብራት ሲጠፋ ደግሞ ፊልተሩም ፓምፑም ይቆማሉ፤ እርሾው ብቻ ይቀጥላል። ቤት ካላችሁ ወዲያው ዲፊውዘሩን ከውኃው አውጡት። ከሰዓት በላይ ከቆየ በኩባያ ውኃ እየቀዳችሁ ከፍ አድርጋችሁ መልሱበት፤ ኦክስጅን ለማስገባት ይበቃል። በባትሪ የሚሠራ ትንሽ የአየር ፓምፕ መኖሩ ለዚህ ከተማ ቅንጦት አይደለም።

ከ100 ሊትር በላይ የሚይዝ አኳሪየም ያለው ሰው በካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲሊንደር ቢጀምር ይሻለዋል ብዬ የማምነውም ለዚህ ነው። ሲሊንደሩ ግፊቱን በሚቀንስ ሬጉሌተር፣ የጋዙን መጠን በሚያስተካክል መርፌ ቫልቭና በኤሌክትሪክ በሚከፈት ሶሌኖይድ ይሠራል፤ መብራት ሲጠፋ ሶሌኖይዱ በራሱ ይዘጋል። ጋዙ የአኳሪየሙ መብራት ከመብራቱ አንድ ወይም ሁለት ሰዓት ቀድሞ እንዲከፈት፣ መብራቱ ከመጥፋቱም አንድ ሰዓት ቀድሞ እንዲዘጋ በታይመር ይስተካከላል። ወጪው ከፍ ይላል። በ20 ዲግሪ ሙቀት ውስጡ 57 ባር ያህል ግፊት ስላለ ቀጥ ብሎ ቆሞ ከግድግዳ ጋር ይታሰር፣ ፀሐይ አያግኘው፣ ክፍሉም አየር ይኑረው። የሲትሪክ አሲድና የቤኪንግ ሶዳ መሣሪያም አለ፤ ግፊቱ ከእርሾ እጅግ ስለሚበልጥ ማስተንፈሻ ቫልቭ ካለው የፋብሪካ ክዳን ውጭ በለስላሳ ጠርሙስ አትሞክሩት።

አምቦ ውኃ ጋዝ ስላለው ጨምሩበት የሚል ምክር ከሰማችሁ ተዉት። ጋዙ በሰዓታት ውስጥ በኖ ያልቃል፤ ባይካርቦኔቱና ሌላው ማዕድኑ ግን እዚያው እየተጠራቀመ የውኃውን ጥንካሬ ያንረዋል።

ለበዓል ከከተማ የምትወጡ ከሆነ ዲፊውዘሩን አውጥታችሁ የሁለቱንም ጠርሙሶች ክዳን አላሉ፣ የአኳሪየሙን መብራትም ወደ 5 ሰዓት ዝቅ አድርጉ፤ ጋዙ ሲቀንስ ብርሃኑ ካልቀነሰ የሚበቅለው አልጌ ነው። ስትመለሱ አንዱን ጠርሙስ በጥብጡ፣ ሌላውን ከሳምንት በኋላ፣ መብራቱንም በየጥቂት ቀኑ በግማሽ ሰዓት እየጨመራችሁ ወደ ቀድሞው መልሱት።