ጣውላና ሊሾ የተቀላቀለበትን ወለል ሴራሚክ እንዴት እናልብሰው?

ብዙዎቹ የአዲስ አበባ አሮጌ ቤቶች ሳሎናቸው ጣውላ፣ በኋላ የተቀጠለው ክፍላቸው ደግሞ የሲሚንቶ ሊሾ ነው። መሃል ያለውን ግድግዳ አፍርሶ ሁለቱን ክፍል አንድ ሴራሚክ ማልበስ የፈለገ ሰው መጀመሪያ የሚጨነቀው በከፍታው ልዩነት ነው። ከፍታውስ ይስተካከላል። የሚያስቸግረው ሁለቱ ወለሎች አብረው አለመንቀሳቀሳቸው ነው። ጣውላ በክረምት እርጥበት ጠጥቶ ያብጣል፣ በበጋ ይኮማተራል፣ ሲረገጥም ይረግባል። ሊሾው ግን ንቅንቅ አይልም። በሁለቱ ላይ ተሻግሮ የተነጠፈ ሴራሚክ ልክ በመጋጠሚያው መስመር ይሰነጠቃል።

ስለዚህ ቤቱ ምድር ላይ ያረፈ ከሆነ ጣውላውን አንሱት። ከስሩ ያሉትን አግዳሚ እንጨቶችና ልሙን አፈር ጠርጋችሁ አውጡ። በተለይ ዋልካ ከሆነ አትራሩለት፤ ውሃ ሲያገኝ አብጦ ወለሉን ያነሳዋል። በምትኩ የተመረጠ፣ ማለትም ውሃ ሲያገኝ የማያብጥ አፈር በ15 ሳንቲ ሜትር ንብርብር፣ ውሃ እያርከፈከፋችሁ ጠቅጥቁ። ድንጋይ አንጥፉ፣ እርጥበት እንዳይወጣ ወፍራም ላስቲክ ዘርጉ፣ ከላይ 10 ሳንቲ ሜትር ኮንክሪት ሙሉ። 7 ቀን ውሃ አጠጡት። ሴራሚኩን ግን እስከ 28 ቀን ብታቆዩት ይሻላል፤ ኮንክሪት ሲደርቅ ስለሚኮማተር ቸኩሎ የተነጠፈውን ይዞት ይሄዳል። ፎቅ ላይ ባለ ጣውላ ይህን አትሞክሩ፤ ክብደቱን ቤቱ መቻሉን መሐንዲስ ሊያየው ይገባል።

ኮንክሪቱ ከመሞላቱ በፊት ከፍታውን ወስኑ። ግልጽ ቱቦ ውስጥ አረፋ የሌለው ውሃ ሙሉና ግድግዳው ዙሪያውን፣ ከወለሉ 1 ሜትር ያህል ከፍ ብላችሁ፣ በውሃ ልኩ ምልክት አድርጉ። ከዚያ ከምልክቱ ወደ ወለሉ በየቦታው ለኩ። ትንሹ ቁጥር የተገኘበት ቦታ የወለሉ ከፍተኛ ነጥብ ነው፤ ሁሉም ነገር ከእሱ ይነሳል። በዚያ ላይ የሴራሚኩንና የማጣበቂያውን ውፍረት ደምራችሁ በሮቹ መከፈታቸውን አረጋግጡ።

ወደ ሊሾው ስንመጣ ዋናው ጠላት ሰም ነው። ለዓመታት በሰም የተወለወለ ወለል ምንም አይዝም። ጥቂት ውሃ ጠብ አድርጉበት፤ ሳይሰርግ እንክብል ብሎ ከቀረ ገና ሰም አለው። ላዩን በመሮ ውቀሩት። በመዶሻ እየመታችሁ ስሙ፤ ባዶ ድምፅ የሚሰጠውን ቦታ ሙሉ በሙሉ ንቀሉት። አቧራውን ጥረጉ።

3 ሳንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ የሚጎድለውን ቦታ ወለሉን አርጥባችሁ፣ ቀጭን የሲሚንቶ ውሃ ቀብታችሁ፣ ሳይደርቅ አንድ እጅ ሲሚንቶና ሦስት እጅ አሸዋ በሆነ ቡኮ ሙሉ። ስስ ጉድለትን በዚሁ ቡኮ አትሸፍኑ፤ እንደ ቅርፊት ይላጣል። ለዚያ የተዘጋጀ የወለል ማስተካከያ ግዙ። ሲጠነክር 2 ሜትር ቀጥ ያለ የአሉሚኒየም ዘንግ አጋድሙበት፤ ከስሩ ከ3 ሚሊ ሜትር በላይ ክፍተት ካለ እንደገና አስተካክሉ።

አዲሱ ኮንክሪትና አሮጌው ሊሾ የሚገናኙበትን መስመር ቡኮ አልብሳችሁ አትደብቁት። የመስመሩን ቦታ ግድግዳው ላይ ምልክት አድርጉና የሴራሚኩ መጋጠሚያ ልክ በዚያ ላይ እንዲያርፍ አድርጉ፤ ሴራሚክ መቁረጥ ቢያስፈልግ እንኳ ይቆረጥ።

ሲነጠፍ ማጣበቂያው ጥርስ ባለው የልስን ብረት ወለሉን በሙሉ ይሸፍን። አራት ጥግና መሃል ላይ ብቻ ቡኮ ጣል አድርጎ መጫን የተለመደ ነው፣ ግን ከስሩ ባዶ ስለሚቀር ከባድ ዕቃ ሲያርፍበት ይሰበራል። በየመሃሉ አንዱን አንስታችሁ ጀርባው በሙሉ ማጣበቂያ መያዙን እዩ። ከግድግዳው ጋር 5 ሚሊ ሜትር ያህል ክፍተት ተዉ፤ በግድግዳው ግርጌ የሚለጠፈው ዞኮሎ ይሸፍነዋል። በማግስቱ በሴራሚኮቹ መሃል ያለውን ክፍተት የሚዘጋውን ግራውት ሙሉ፤ የሁለቱን ወለል ድንበር ግን በግራውት ሳይሆን በሲሊኮን ዝጉት።