ካሜራውም ይገዛ፣ ቁጠባውም አይቅር

ለፎቶ ጀማሪ የካሜራው ዋጋ የወጪው መጀመሪያ ነው። ሚሞሪ ካርዱ፣ ትርፍ ባትሪውና ቦርሳው ይከተላሉ። ቅዳሜ ጠዋት እንጦጦ ደርሶ ለመመለስ ታክሲና ማኪያቶ አለ። ሁለት ወር ሳይሞላ ደግሞ «ይቺን አንድ ሌንስ ብቻ» ትመጣለች። ትልቁን ግዢ ሰው አስቦበት ይገዛዋል፤ ቁጠባን የሚበላው ይሄ የሚንጠባጠበው ነው።

መጀመሪያ ያለፉትን ሦስት ወራት ወጪ ጻፉ። የባንክና የቴሌብር ዝውውሩን ከስልክ ላይ ታገኙታላችሁ፤ በጥሬ ብር የወጣውን በግምት ጨምሩ። ለምሳሌ እጅ የሚገባው ደመወዝ 18,000 ብር፣ የቤት ኪራይ፣ አስቤዛ፣ ታክሲ፣ ዕድርና ለቤተሰብ የሚላከው ተደምሮ 12,000 ብር ነው እንበል። ቀሪው 6,000 ይመስላል፤ ግን አይደለም። በዓል አለ። እንቁጣጣሽ፣ ገና፣ ፋሲካ ወይም ሁለቱ ዒዶች፣ የልጆች ምዝገባና ደብተር በዓመት 14,400 ብር ቢወስዱ ለ12 ሲካፈል በወር 1,200 ይሆናል። ይህ ካልተቀነሰ ዕቅዱ መስከረም ላይ ይፈርሳል። ወሩ 13፣ ደመወዙ 12 ነው፤ የነሐሴው ደመወዝ ጳጉሜንም ይዞ 35 ቀን ያኖራል፣ በአራት ዓመት አንዴ 36። ጳጉሜን እንዳለቀ ወዲያው የዶሮውና የደንብ ልብሱ ወጪ ይደርሳል።

ስለዚህ በትክክል የሚተርፈው 4,800 ብር ነው። ደመወዝ በገባ ዕለት፣ ምንም ሳይገዛ፣ ሦስት ቦታ ይሂድ፦ 2,000 ለክፉ ቀን በባንክ፣ 1,800 ለዕቁብ፣ 1,000 ለፎቶው። ሺህዋን ከሌላ ወጪ ጋር እንዳትደባለቅ ለብቻዋ አስቀምጧት፤ ቴሌብሩን ለሌላ ነገር የማትጠቀሙበት ከሆነ እዚያ ትቀመጥ። ከተረፈች ለሚቀጥለው ወር ትተላለፋለች። ካለቀች ደግሞ ደመወዝ እስኪመጣ እንጦጦ ይቆያል፤ ሰፈር ውስጥም የጠዋት ብርሃን አለ።

ዕቁብንና የባንክ ቁጠባን አንድ አታድርጉ። 12 ሰው በወር 1,800 ቢጥል ለባለዕጣው 21,600 ብር ይደርሰዋል፤ ለካሜራ የሚሆን ደህና ዘዴ ነው፣ ሰው ስለሚጠብቃችሁ አታቋርጡትም። ግን ልጅ ቢታመም ዕጣችሁ ያልወጣበትን ብር አምጡ ማለት አይቻልም፤ ዳኛው ቢያዝንላችሁ እንኳ ገንዘቡ ሌላ ሰው ዘንድ ነው። ስትገቡ ቀድሞ የደረሰው ሁሉ ዋስ ማቅረቡን ጠይቁ። ዕቁብ የሚፈርሰው አብዛኛውን ጊዜ ወስዶ መጣሉን በሚያቆም ሰው ነው።

ሌላም ችግር አለ፤ ዕቁብ ወለድ የለውም። ካሜራ በዶላር የሚገባ ዕቃ ነው። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ምንዛሪው በገበያ እየተወሰነ ስለሆነ በመጀመሪያው ወር የሚገዛውን ካሜራ በ12ኛው ወር ያው ብር ላይገዛው ይችላል። ዕጣ መሸጥ ባለበት ዕቁብ ቀደም ያለውን ተራ በትንሽ ጭማሪ መግዛት አንዳንዴ ያዋጣል።

የባንኩ 2,000 ግቡ የሦስት ወር ወጪ ነው፦ የወሩ 12,000 እና የበዓሉ 1,200 ተደምሮ 13,200፣ በ3 ሲባዛ 39,600፤ 20 ወር ገደማ ይፈጃል። እዚያ እስኪደርስ ሌንስ በብድር አይገዛም። «ጡረታ ይቆረጥልኛል» የሚለው ምክንያትም ብዙ አያስኬድም፤ ከሠራተኛው 7፣ ከአሠሪው 11 በመቶ የሚገባው በመሠረታዊ ደመወዝ ላይ እንጂ በአበል ላይ አይደለም፣ ለችግር ቀን ብላችሁም አታወጡትም።

ዕጣው ሲወጣ ያገለገለ ካሜራ ብትገዙ ብሩ ለሌንስም ሊተርፍ ይችላል፤ ግን ሳትፈትሹ አትክፈሉ። የሻተር ካውንቱን፣ ማለትም ካሜራው እስካሁን ያነሳውን የፎቶ ብዛት፣ ጠይቁ፤ ብዙ የጀማሪ ዲኤስኤልአሮች (ውስጣቸው መስታወት ያለ፣ ሌንሳቸው የሚቀያየር ካሜራዎች) ለ100,000 ያህል ፎቶ የተሠሩ ስለሆኑ 80,000 ያነሳውን በአዲስ ዋጋ አትውሰዱ። ሌንሱን ከካሜራው ፈትታችሁ የስልክ መብራት ከኋላው አብሩበት፤ የሸረሪት ድር የመሰለ ነጭ ክር ከታየ ሻጋታ ነው፣ ክረምት በእርጥብ ቦርሳ ውስጥ ከርሟል ማለት ነው። ማስጠረጊያው ከሌንሱ ሊወደድ ይችላል፤ ተዉት። ከዚያ አፐርቸሩን (የሌንሱን የብርሃን ማስገቢያ ቀዳዳ) አጥብባችሁ ኤፍ 16 ላይ አድርጋችሁ ጥርት ያለ ሰማይ አንሱ። ጥቁር ነጠብጣብ ከታየ ሴንሰሩ (ምስሉን የሚቀበለው የካሜራው ክፍል) ላይ አቧራ አለ፤ ይጸዳል፣ ዋጋ ለማስቀነሻም ይሆናል።

ጥር ላይ ሠርግ አንሱልን የሚል ዘመድ መምጣቱ አይቀርም። ከሚከፈላችሁ ግማሹ ወደ ባንክ፣ ግማሹ ወደ ፎቶው ሺህ ይግባ። «ሥራ ሆኗል እኮ» ተብሎ ሙሉው ሌንስ ላይ ሲውል፣ ሠርግ በሌለበት ዐቢይ ጾም ኪስ ባዶ ይሆናል።

ሌንሱን ከመግዛት በፊት ለአንድ ቀን ተከራዩት፤ መታወቂያና መያዣ ይጠይቃሉ፣ ስትረከቡም ስትመልሱም መስታወቱን በስልክ አንሱ። በአራት ወር ውስጥ ስንት ጊዜ እንደተከራያችሁ ቁጠሩ። ሁለት ጊዜ ከሆነ መከራየቱን ቀጥሉ። ስምንት ጊዜ ከሆነ የሚቀጥለው ዕጣ ለሌንሱ ይዋል።