ኮፒ ሳደርገው ደህና የነበረ አማርኛ ስለጥፈው ለምን ተበላሸ?

አራት ኪሎ ኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት ነው የምሠራው። ፍላሽ ይዞ የሚመጣ ሰው ሁሉ «አማርኛው ተበላሸብኝ» ይለኛል። እንዴት ሆኖ ተበላሸ ስለው፣ «እኔ እንጃ፣ ዝም ብሎ»። አበለሻሸቱ ግን ዓይነት ዓይነት አለው። ስክሪኑ ላይ የወጣውን ነገር ደህና አድርጎ ያየ ሰው መንስኤውን ግማሽ አገኘው ማለት ነው። ከሁሉ በፊት ግን ተበላሽቶ ያያችሁትን ፋይል ሴቭ እንዳታደርጉት፣ ዋናውንም እንዳትዘጉት።

የወጣው ባዶ ሳጥን ከሆነ አትደንግጡ። ፊደሉ አለ፣ የሚያሳየው ፎንት ነው የሌለው። ጽሑፉን መርጣችሁ ፎንቱን ኢብሪማ ወይም ኒያላ አድርጉት። ኒያላ ድሮ ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር አብሮ ይመጣ ነበር፤ ከዊንዶውስ 10 ወዲህ ግን ከሴቲንግ ገብታችሁ ለብቻው የምትጨምሩት ሆኗል።

የጥያቄ ምልክት ከተደረደረ ግን ነገሩ ከበድ ይላል። የለጠፋችሁበት ፕሮግራም ዩኒኮድ (ለየቋንቋው ፊደል ሁሉ የራሱን ቁጥር የሚሰጠውን የጋራ ሥርዓት) አያውቅም፣ ያላወቀውን ፊደል ሁሉ በጥያቄ ምልክት ተክቶ ጥሎታል። ፎንት ብትቀያይሩ ለውጥ የለውም። ከዋናው ፋይል እንደገና ከመውሰድ ሌላ መላ የለም። ኖትፓድም እስከ 2019 ድረስ ሴቭ ሲያደርግ በራሱ የሚመርጠው «አንሲ» የሚባለውን፣ አማርኛ የማይዘውን የቆየ ኮድ ነበር፤ ማስጠንቀቂያውን ሳያነቡ «ኦኬ» ብለው ስንት ገጽ ያጡ ሰዎች አይቻለሁ። ዩቲኤፍ 8 የሚባለውን የዩኒኮድ አጻጻፍ ምረጡ።

ኤክሴል ላይ የሲኤስቪ ፋይል (በነጠላ ሰረዝ የተከፋፈለ የሠንጠረዥ ጽሑፍ) ስትከፍቱ አናቷ ላይ ጭረት ያለባት ትንሽ የላቲን «ኤ» በየመሀሉ ከተደጋገመች፣ ፋይሉ ዩቲኤፍ 8 ሆኖ ሳለ ኤክሴል በሌላ ኮድ አንብቦታል። አንዱ የአማርኛ ፊደል ሦስት ባይት ስለሆነ ነው እንዲህ የሚበታተነው። ዝጉትና ባዶ ሺት ከፍታችሁ «ዳታ» በሚለው በኩል አስገቡት፤ ኮዱን ሲጠይቃችሁ 65001 በሉት።

አሁን ወደ ዋናው ጣጣ። ባለፈው አንድ ደንበኛ የቆየ የኪራይ ውል አመጣልኝ። ወርድ ላይ ጥርት ያለ አማርኛ ነው፣ ቴሌግራም ላይ ስንለጥፈው የእንግሊዝኛ ፊደልና የቃለ አጋኖ ዝባዝንኬ። «ቫይረስ ነው» አለኝ። አይደለም። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 ነው (በፈረንጅ)፤ ከዚያ በፊት ሶፍትዌር ሠሪው ሁሉ የእኛን ፊደል በላቲኑ ቦታ ላይ እንደፈለገው ይሥል ነበር። ስለዚህ ፋይሉ ውስጥ ያለው ላቲን ነው፣ አማርኛ ያስመሰለው ፎንቱ ነው። በእነዚህ ፎንቶች የተጻፈ ስንትና ስንት ሰነድ ዛሬም በየቢሮው አለ። ወርድ ላይ ከአንዱ ፊደል ኋላ ቆማችሁ «ኦልት»ን ይዛችሁ «ኤክስ»ን ተጫኑ። በ12 ወይም በ13 የሚጀምር ባለ አራት ቦታ ኮድ ከወጣ ትክክለኛ ዩኒኮድ ነው፤ ደግማችሁ ስትጫኑ ፊደሉ ይመለሳል። ሌላ ነገር ከወጣ መቀየሪያ ፕሮግራም ያስፈልጋችኋል፣ እሱም የዚያን ፎንት ስም የሚያውቅ መሆን አለበት። ከቀየራችሁ በኋላ ቁጥሩንና ስሙን በዓይናችሁ አንብቡ፤ ውል ነው፣ አንድ ፊደል ብትሳሳት ጭቅጭቅ ነው።

አራት ነጥብ መስመር መጨረሻ ላይ ለሁለት ተከፍሎ ግማሹ ከታች ከወረደባችሁ ደግሞ፣ ጸሐፊው ሁለት ነጥብን ሁለቴ መትቶ ነው። ፈልጎ መተኪያው ላይ «፡፡»ን በ«።» ተኩ፣ አንድ ደቂቃ አይፈጅም።